በሰው መስመር ላይ የቆመ ንግድ፦ የዳያል አፕ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ታሪክ በአሜሪካ

ዳያል አፕ ማለት ኮምፒዩተር በተራ የቤት ስልክ መስመር ወደ አንድ አገልግሎት ሰጪ ኩባንያ እየደወለ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝበት ዘዴ ሲሆን፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ዐሥር ዓመታት በቤቱ ኢንተርኔት ያስገባ አብዛኛው የዩናይትድ ስቴትስ ነዋሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀው በዚሁ መንገድ ነው። የዘዴው አሟሟት አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በፍጥነት በኩል ነው፤ ቀርፋፋው መስመር በፈጣኑ ተተካ፣ ደንበኛውም ፈጣኑን ተከትሎ ሄደ ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የታሪኩን ክብደት ያለውን ክፍል ይዘለዋል። በዳያል አፕ ዘመን መስመሩ የአንዱ፣ አገልግሎቱ የሌላው ነበር፤ የስልክ ኩባንያው ሽቦውን ዘርግቶ ኪራዩን ይሰበስባል፣ በዚያው ሽቦ ላይ ኢንተርኔት የሚሸጠው ግን መጠነኛ ገንዘብና ዕውቀት ያለው ማንኛውም ሰው ሊሆን ይችል ነበር። ከዘመኑ ጋር የከሰመው ይህ የመስመርና የአገልግሎት መለያየት ሲሆን፣ የከሰመውም በቴክኒክ ብልጫ ብቻ ሳይሆን በሕግ ውሳኔ ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከስልኩ መነሣት ያሻል። የስልክ መረብ የተሠራው የሰውን ንግግር ለማስተላለፍ ስለሆነ የሚያሳልፈው በሰከንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበውን ድምፅ ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ የሚሠራው በዜሮና በአንድ በመሆኑ፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ፣ ድምፁንም መልሶ ወደ ቁጥር የሚለውጥለት መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ሞደም የተባለው ይኸው ነው። ቤል 103 የተባለው ቀደምት ሞደም በ1962 ሲወጣ በሰከንድ የሚያስተላልፈው 300 ቢት ብቻ ነበር፤ ቢት የሚባለው የኮምፒዩተር መረጃ ትንሹ መለኪያ፣ ማለትም አንዷ ዜሮ ወይም አንዷ አንድ ናት። በ1981 ሄይስ ስማርትሞደም ገበያ ላይ ሲውል ኮምፒዩተሩ ራሱ ቁጥር እንዲደውልና ጥሪውን እንዲዘጋ ማዘዝ ተቻለ፤ ሰው እጀታውን አንሥቶ መደወሉ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ ደረጃ በደረጃ አድጎ በ1991 14,400፣ በ1994 28,800፣ በ1998 ደግሞ ቪ.90 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት 56,000 ቢት ደረሰ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ዘመናዊ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ የተናጋሪውን ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት በ8 ቢት ስለሚመዘግብ፣ አንድ ጥሪ በመረቡ ውስጥ የሚሰጠው ቦታ በሰከንድ 64,000 ቢት ነው፤ በአሜሪካ መረብ ከዚህ ላይ ጥቂቱ ለማዞሪያዎቹ የእርስ በርስ ምልክት ስለሚነሣ ለሞደሙ በአስተማማኝነት የሚተርፈው 56,000 ይሆናል፤ በመስመር ላይ ሊላክ የሚፈቀደው ኃይል በደንብ የተገደበ በመሆኑም በተግባር 53,000 ገደማ ከተገኘ ደንበኛው ዕድለኛ ነበር። በዚህ ፍጥነት አራት ሚሊዮን ባይት (አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው) የሚመዝን አንድ ዘፈን ለማውረድ፣ መስመሩ ሳይንገራገጭ፣ ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የቤቱ ስልክ ስለሚያዝ ሌላ ሰው ቢደውል መስመሩ እንደተያዘ ይነገረዋል፤ በዘጠናዎቹ ዓመታት በርካታ አሜሪካውያን ቤተሰቦች ሁለተኛ የስልክ መስመር ያስገቡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በዘመኑ የኖረ ሁሉ የሚያስታውሰው የሞደም ጩኸት ትርጉም የሌለው ሁካታ አልነበረም። መጀመሪያ የመስመሩ ድምፅ፣ ቀጥሎ የሚደወለው ቁጥር ምቶች ይሰማሉ። አቅራቢው ዘንድ ያለው ሞደም ሲያነሣ በሰከንድ 2,100 ርግብግብታ አንድ ረጅም ፉጨት ይለቃል፤ በየመካከሉ ቆረጥ የምትለው ይህች ፉጨት ለሰው ንግግር ሲባል በረጅም መስመሮች ላይ የተተከሉትን የገደል ማሚቶ ማጥፊያዎች ሥራ እንዲያቆሙ የምታዝዝ ምልክት ናት። ከዚያ ሁለቱ መሣሪያዎች የየራሳቸውን ችሎታ በአጫጭር ድምፆች ይነጋገራሉ፣ መስመሩ የትኛውን ድምፅ በደንብ እንደሚያሳልፍና የትኛውን እንደሚያዳክም ይፈትሻሉ፣ በመጨረሻም እንደ ፏፏቴ የሚንሿሿ ድምፅ እየለቀቁ በሚያዛምዳቸው ፍጥነት ይስማማሉ። ስምምነቱ ሲያልቅ ድምፅ ማጉያው ይዘጋና ደንበኛው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይልካል። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ በየጥሪው እንደ አዲስ ይደገማል።

እንዲህ ያለ አገልግሎት በአሜሪካ ሰፊ ንግድ ሊሆን የቻለው ግን በሞደሙ ብልኀት ሳይሆን በመንግሥት ደንብ ነው። የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ማለትም ስልክንና ሬዲዮን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ በ1980 ባስተላለፈው ውሳኔ መሠረታዊ የስልክ አገልግሎትን በዚያ ላይ ከሚገነባው የመረጃ አገልግሎት ለየ፤ የመጀመሪያው የዋጋና የአሠራር ቁጥጥር ሲጠብቀው ሁለተኛው ነጻ ሆነ። ኮሚሽኑ በ1983 ደግሞ የመረጃ አገልግሎት ሰጪዎች የርቀት ጥሪ ኩባንያዎች ለአካባቢው ስልክ ኩባንያ በየደቂቃው ከሚከፍሉት ክፍያ ነጻ እንዲሆኑና እንደ ማንኛውም የንግድ ቤት በወር የመስመር ኪራይ ብቻ እንዲከፍሉ ፈቀደ። ይህን ነጻነት ለማንሣት በ1987 ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች «የሞደም ግብር» እያሉ አጥብቀው ስለተቃወሙት በተከታዩ ዓመት ቀረ። በዚህ ላይ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የአካባቢ ጥሪ በወርኃዊ ቁርጥ ክፍያ ስለነበር አንድ ደንበኛ እዚያው ከተማ ወዳለ አቅራቢ ደውሎ ሌሊቱን ሙሉ ቢቆይ የስልክ ሒሳቡ ሳንቲም አይጨምርም። በብሪታንያና በብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች የአካባቢ ጥሪ በደቂቃ ስለሚታሰብ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ በ1998 የተጀመረው የብሪታንያው ፍሪሰርቭ ወርኃዊ ክፍያ ሳይጠይቅ የኖረው ደንበኛው ለስልክ ኩባንያው ከሚከፍለው የደቂቃ ሒሳብ ድርሻ እየተቀበለ ነበር።

በዚህ የተመቻቸ መሬት ላይ መጀመሪያ የበቀሉት ከኢንተርኔት ውጭ የነበሩ የመረጃ አገልግሎቶች ናቸው። መቀመጫው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የነበረው ኮምፑሰርቭ ከ1979 ጀምሮ ለግለሰቦች ዜናና የመልእክት አገልግሎት በስልክ ሲሸጥ ቆይቷል፤ ሲርስና አይ.ቢ.ኤም. ያቋቋሙት ፕሮዲጂም ተከተለ። ለሕዝብ በንግድ መልክ ወደ ኢንተርኔት የሚያስገባ የመጀመሪያው የዳያል አፕ አገልግሎት ተብሎ የሚታወቀው ግን ባሪ ሻይን በ1989 ብሩክላይን፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ያቋቋመው ዘ ወርልድ ነው። በዚያን ጊዜ የኢንተርኔቱ ዋና ግንድ በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚተዳደር የምርምር መረብ ስለነበር ለንግድ መጠቀም በጥብቅ የተገደበ ነበር፤ መረቡ ሚያዝያ 30 ቀን 1995 ተዘግቶ ትራፊኩ ወደ ግል ኩባንያዎች ሲተላለፍ የመጨረሻው አጥር ወደቀ።

ከዚህ በኋላ የተፈጠረው የአነስተኛ አቅራቢዎች ዓለም የዘመኑ እጅግ ሕያው ክፍል ሆኖ ሳለ በታሪክ ጽሑፎች ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። አንድ አነስተኛ አቅራቢ ለመጀመር የሚያስፈልገው አንዲት ክፍል፣ ከስልክ ኩባንያው የተከራያቸው ጥቂት ደርዘን መስመሮች፣ በመደርደሪያ የተደረደሩ ሞደሞች፣ እነዚህን ሁሉ ወደ አንድ የሚሰበስብ ፖርትማስተርን የመሰለ መሣሪያና ከትልቅ አቅራቢ የተገዛ ቲ-1 የተባለ በሰከንድ 1,544,000 ቢት የሚያሳልፍ መስመር ነበር። ደንበኞች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደማይደውሉ ስለሚታወቅ ለዐሥር ደንበኛ ገደማ አንድ ሞደም መመደብ የተለመደ ነበር፤ እያንዳንዱ በወር 20 ዶላር ያህል ሲከፍል አንዱ መስመር 200 ዶላር ያስገባል ማለት ነው፤ የመስመሩ ኪራይ፣ የቲ-1 ዋጋና የሠራተኛ ደመወዝ የሚወጣውም ከዚችው ነው። ሞደሞቹ ሲበዙ መብራቶቻቸው ሌት ተቀን የሚያብለጨልጩበት ክፍል ይግላል፣ ማቀዝቀዣም ይጠይቃል። ደንበኛው ማን እንደሆነና የተፈቀደለት መሆኑን ለማጣራት ሬዲየስ የተባለ የመመዝገቢያ ሥርዓት የፖርትማስተር ሠሪ በሆነው ሊቪንግስተን ኩባንያ ተፈጠረ፤ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲውና በየመሥሪያ ቤቱ በስምና በይለፍ ቃል የሚገባበት ዋይፋይ አብዛኛው የሚሠራው በዚያው ሥርዓት ነው።

የእነዚህ አነስተኛ አቅራቢዎች እውነተኛ ሸቀጥ ደግሞ እርዳታ ነበር። በዘጠናዎቹ አጋማሽ በብዙ ቤት የነበረው ዊንዶውስ 3.1 ከኢንተርኔት ጋር የሚያነጋግር ሶፍትዌር ስላልነበረው አቅራቢው አውስትራሊያዊው ፒተር ታተም የጻፈውን ትራምፔት ዊንሶክ የተባለ ፕሮግራም በፍሎፒ ዲስክ ገልብጦ ለደንበኛው ይሰጥና፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በስልክ እየነገረ ያስሞላው ነበር። ኢኮኖሚስቶቹ ቶም ዳውንስና ሼን ግሪንስታይን የአቅራቢዎችን የመደወያ ቁጥሮች ሰብስበው ባደረጉት ጥናት፣ በ1998 ከአሜሪካ ሕዝብ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው በአካባቢ ጥሪ የሚደርስባቸው በርካታ ተወዳዳሪ አቅራቢዎች እንደነበሩት አሳይተዋል። አንድ ሸማች በአንድ ሽቦ ላይ ይህን ያህል ምርጫ ያገኘበት ሌላ የቴሌኮም ዘመን ለማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከእነዚህ አነስተኛ አቅራቢዎች በላይ እንደ ግንብ የቆመው አሜሪካ ኦንላይን ወይም በአጭሩ ኤ.ኦ.ኤል. ነው። ድርጅቱ በ1983 የቪዲዮ ጨዋታዎችን በስልክ ለመሸጥ በተቋቋመ ኩባንያ ተጀምሮ፣ በ1985 ኳንተም ኮምፒዩተር ሰርቪስስ፣ በ1991 ደግሞ አሜሪካ ኦንላይን ተብሎ በስቲቭ ኬዝ አመራር አደገ፤ መቀመጫው ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ዛሬ ከፍተኛ ቁጥር ያለው የኢትዮጵያ ተወላጅ በሚኖርበት አካባቢ ነበር። የኤ.ኦ.ኤል. ብልጫ በቴክኒክ አልነበረም፤ ኮምፒዩተር የማያውቅ ሰው ሳይፈራ የሚገባበት በር መሥራቱ ነበር። የገበያ ኃላፊዋ ጃን ብራንት ከ1993 ጀምሮ የአገልግሎቱን ሶፍትዌር የያዙ ዲስኮችን በፖስታ፣ በመጽሔት ውስጥ፣ በየሱቁ በነጻ እንዲበተኑ አደረገች፤ በአንድ ወቅት በዓለም ከሚመረቱት ሲዲዎች ግማሹ የኤ.ኦ.ኤል. ዓርማ ነበረበት ስትል በኋላ ተናግራለች።

እስከ 1996 መጨረሻ ድረስ ኤ.ኦ.ኤል. የሚያስከፍለው በሰዓት ነበር፤ 9.95 ዶላር ለአምስት ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሰዓት 2.95 ዶላር። አነስተኛዎቹ አቅራቢዎች በወር ቁርጥ ዋጋ ያልተገደበ አገልግሎት በመስጠታቸው ደንበኛ እየሸሸ ስላስቸገረው ታኅሣሥ 1 ቀን 1996 እርሱም ወደ 19.95 ዶላር ቁርጥ ክፍያ ተዛወረ። ውጤቱ ከግምት በላይ ሆነ፤ ሰዓት መቁጠር ያቆመው ደንበኛ መስመሩን አልለቅ አለ፣ ሞደሞቹ ሞሉ፣ ለሳምንታት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ደውሎ የሚሰማው የተያዘ መስመር ድምፅ ብቻ ሆነ። በጥር 1997 ኩባንያው ከበርካታ ክፍለ ግዛቶች ጠቅላይ ዐቃብያነ ሕግ ጋር ተስማምቶ ለደንበኞች ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ። ያም ሆኖ ዕድገቱ አልተገታም፤ በ1998 የቀድሞ ተፎካካሪውን የኮምፑሰርቭን አገልግሎት ጠቀለለ፣ በጥር 2000 የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያውን ታይም ዋርነርን ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ፣ በመስከረም 2002 ደግሞ በአሜሪካ ብቻ 26.7 ሚሊዮን ደንበኛ በመያዝ ከፍተኛው ላይ ደረሰ።

ይህ ከፍታ በተመዘገበበት ዓመት ግን መሬቱ ከሥር እየተናደ ነበር። የፒው የምርምር ማእከል መጠይቅ እንደሚያሳየው በሰኔ 2000 ከአሜሪካ አዋቂዎች 34 በመቶው በቤታቸው በዳያል አፕ፣ 3 በመቶው ብቻ በብሮድባንድ፣ ማለትም ሁልጊዜ ክፍት በሆነ ፈጣን መስመር ይጠቀሙ ነበር፤ በግንቦት 2013 ብሮድባንዱ 70፣ ዳያል አፑ 3 በመቶ ሆነ። ሁለቱ ቦታ የተለዋወጡት በ2004 እና በ2005 አካባቢ ነው። ፈጣኑ አገልግሎት የመጣው በሁለት ሽቦ ነበር፤ አንዱ የኬብል ቴሌቪዥን ሽቦ፣ ሁለተኛው ያው የስልክ መዳብ ሆኖ ከሰው ድምፅ በላይ ያለውን ርግብግብታ የሚጠቀም ዲ.ኤስ.ኤል. የተባለ ዘዴ።

የአነስተኛው አቅራቢ ዕጣ የተወሰነው እዚህ ላይ ነው። ዳያል አፕ ተራ የስልክ ጥሪ ስለሆነ የስልክ ኩባንያው ለማን ደውል፣ ለማን አትደውል ሊል አይችልም። ዲ.ኤስ.ኤል. ግን በማዞሪያ ጣቢያው ውስጥ፣ ሽቦው በሚያልቅበት ቦታ መሣሪያ መትከል ይጠይቃል፤ ጣቢያው ደግሞ የስልክ ኩባንያው ቤት ነው። በየካቲት 1996 በወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ላይ ቆሞ ኮሚሽኑ በ1999 የስልክ ኩባንያዎች የሽቦውን የላይኛውን ርግብግብታ ለተወዳዳሪዎች በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያካፍሉ አዘዘ፤ አነስተኛዎቹም ከመደወያ ወደ ፈጣን መስመር የሚሸጋገሩበት ድልድይ የተገኘ መሰለ። ይህን ድልድይ ኮሚሽኑ ራሱ በ2003 አፈረሰው። በኬብሉ በኩል ሽቦውን ለተወዳዳሪ የመክፈቱ ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ባለጉዳዩም ብራንድ ኤክስ የተባለ የሳንታ ሞኒካ፣ ካሊፎርኒያ አነስተኛ የኢንተርኔት አቅራቢ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሰኔ 27 ቀን 2005 በስድስት ለሦስት ድምፅ የኮሚሽኑን አቋም አጸና፤ የኬብል ኢንተርኔት «የመረጃ አገልግሎት» ስለሆነ ኩባንያዎቹ ሽቦአቸውን ለሌላ የመክፈት ግዴታ የለባቸውም ተባለ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ኮሚሽኑ ለስልክ ኩባንያዎችም ተመሳሳይ ነጻነት ሰጠ። በ1980 ለአነስተኛው ከለላ እንዲሆን የተፈጠረው ልዩነት በ2005 ለባለ ሽቦው ከለላ ሆኖ ተገለበጠ፤ ኢንቨስትመንትን ለማበረታታት ነው የሚለው የኮሚሽኑ ምክንያት በወቅቱም ብዙ ተቃውሞ የገጠመው ሲሆን፣ አብዛኛው አሜሪካዊ ቤተሰብ ለፈጣን ቋሚ መስመር ከአንድ ወይም ከሁለት ኩባንያ በላይ ምርጫ አጥቶ መቆየቱ ተቃዋሚዎቹን ትክክል ያደርጋቸዋል።

ብዙዎቹ አነስተኛ ቤቶች የደንበኞቻቸውን መዝገብ ለትልልቆቹ እየሸጡ ወጡ፤ ከፊሎቹ ድረ ገጽ በማስተናገድና በኮምፒዩተር ጥገና ሥራ ቀጠሉ። ትልልቆቹ ደግሞ እየጠበበ በሚሄድ ገበያ የመኖርን ጥበብ ተማሩ። ኔትዜሮ በ1998 በማስታወቂያ ገቢ ነጻ ኢንተርኔት እሰጣለሁ ብሎ ተነሥቶ፣ የማስታወቂያው ገበያ ሲወድቅ በ2001 ከሌላው አቅራቢ ከጁኖ ጋር ተዋህዶ ርካሽ ክፍያ ወደሚጠይቅ አገልግሎት ዞረ። በ1994 ስካይ ዴይተን ያቋቋመው ኧርዝሊንክ በነሐሴ 2007 ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉን፣ 900 ገደማ ሰዎችን እንደሚያሰናብት አስታወቀ። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ሞደሞቹ ዋጋቸውን ከመለሱ ቆይተዋል፣ ማስታወቂያ ከቆመ ወጪው ጥቂት ነው፣ ነባሩ ደንበኛ በየወሩ እስከከፈለ ድረስ ትርፉ ንጹሕ ነው።

ሲያልቅ አያምር እንዲሉ፣ የዚህ ስሌት እጅግ አሳዛኝ ገጽታ የታየው በኤ.ኦ.ኤል. ነው። የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ባደረገው ምርመራ አገልግሎቱን ሊያቋርጡ የሚደውሉ ደንበኞችን የሚያስቀሩ ሠራተኞች ጉርሻ እንደሚከፈላቸው፣ በዚህም ምክንያት የብዙ ደንበኞች ጥያቄ ችላ እንደሚባል ስለደረሰበት፣ ኩባንያው በነሐሴ 2005 1.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና አሠራሩን ለማስተካከል ተስማማ። በቀጣዩ ዓመት፣ የአሜሪካ ደንበኞቹ ወደ 17.7 ሚሊዮን ሲወርዱ፣ ኢሜይሉንና ሌላውን አገልግሎት ብሮድባንድ ላላቸው ሁሉ በነጻ ለቀቀው፤ የብሪታንያ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ የመስመር ሥራውንም ሸጠ። አገልግሎቱ በነጻ መለቀቁን ሳያውቁ በየወሩ መክፈላቸውን የቀጠሉ ግን ብዙዎች ነበሩ። ጋዜጠኛው ኬን ኦሌታ በጥር 2011 በኒው ዮርከር መጽሔት እንደዘገበው የኩባንያው ትርፍ ሰማንያ በመቶ የሚመጣው ከእነዚህ ነባር ደንበኞች ሲሆን፣ ከመካከላቸው ሦስት አራተኛው የሚከፍሉበትን አገልግሎት የማያስፈልጋቸው፣ ብዙዎቹም በዕድሜ የገፉ ሰዎች ነበሩ። የስልክ ኩባንያው ቬራይዘን ኤ.ኦ.ኤል.ን በ4.4 ቢሊዮን ዶላር በገዛበት በ2015 እንኳ 2.1 ሚሊዮን ያህል የዳያል አፕ ደንበኛ በመዝገብ ነበረ።

የአሜሪካው መንገድ የዘመኑ ብቸኛ መንገድ እንዳልነበረ የኢትዮጵያ ታሪክ ያሳያል። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር በነበረው ፓዲስ በተባለው የመረጃ ሥርዓት አማካይነት፣ መልእክት ተጠራቅሞ በዓለም አቀፍ ስልክ ጥሪ የሚላክበት የኢሜይል አገልግሎት ነበር። ሙሉው ኢንተርኔት የተጀመረው በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በጥር 1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ እርሱም በሞደምና በመደበኛ ስልክ ነው። ሞደሙ፣ ጩኸቱ፣ የመስመሩ መያዝ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ መስመሩም አገልግሎቱም የአንዱ የመንግሥት ድርጅት መሆኑ ነበር። ስለዚህ በአሜሪካ ከመደወያው ጋር የተወለደው የአነስተኛ አቅራቢ ሙያ በኢትዮጵያ በመደወያው ዘመን ቦታ አላገኘም፤ የግል ነጋዴው ድርሻ በኢንተርኔት ካፌ ወንበርና ኮምፒዩተር አስቀምጦ ከኮርፖሬሽኑ የገዛውን ደቂቃ መልሶ መሸጥ ነበር። መደበኛ ስልክ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበርም አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከኢንተርኔት ጋር የተዋወቀው የዳያል አፕን ደረጃ ዘሎ በተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። ዘርፉን ለውድድር የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1148 በ2011 ዓ.ም. ወጥቶ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ሲጀምር፣ ፉክክሩ ከመነሻው ግዙፍ ካፒታል ባላቸው በሁለት ድርጅቶች መካከል ሆነ።

በአሜሪካ የመጨረሻዎቹ ደንበኞች እነማን እንደሆኑ መናገር ቀላል ነው። ዲ.ኤስ.ኤል. ከማዞሪያ ጣቢያው አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲርቅ ይዳከማል፣ የኬብል ኩባንያም ለተራራቁ ጥቂት ቤቶች ሽቦ አይዘረጋም፤ ስለዚህ ዳያል አፕ ሌላ አማራጭ ባልደረሰበት ገጠር፣ ሌላው በከበደበት ባለ ዝቅተኛ ገቢና ለመለወጥ ባልደፈረው አዛውንት ዘንድ ቆየ። የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በ2023 ባወጣው ግምት ዳያል አፕን ብቻ የሚጠቀሙ 163,000 ያህል ቤተሰቦች ነበሩ። ኤ.ኦ.ኤል. በነሐሴ 2025 ባወጣው አጭር ማስታወቂያ መሠረት አገልግሎቱን ከመደወያ ሶፍትዌሩ ጋር መስከረም 30 ቀን 2025 ዘጋ፤ ኔትዜሮና ጁኖ በዚያን ጊዜም ዳያል አፕ ይሸጡ ነበር።

በአሜሪካው ሕግ በኩል የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ በ2015 ብሮድባንድን መልሶ ከመሠረታዊ የቴሌኮም አገልግሎቶች ጎራ አስገብቶት፣ በ2017 ሽሮት፣ በ2024 እንደገና አስገብቶት፣ በጥር 2025 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ውድቅ አድርጎበታል። በእነዚህ ዐሥር የክርክር ዓመታት ውስጥ ለአነስተኛው አቅራቢ በወጉ የተሟገተ ውሳኔ አልተሰጠም፤ ብሮድባንድን ወደ ቀድሞው ጎራ በመለሱት በሁለቱ ውሳኔዎች እንኳ ኮሚሽኑ ባለ ሽቦዎቹ መስመራቸውን ለሌላ አቅራቢ እንዲያካፍሉ እንደማያስገድድ በግልጽ አስፍሯል።